ሠላሳ ሚሊ

መጋቢት ነው ወሩ፣ ብር ወንዝ ቀጥኗል፤
ፍኖተ ሰላም ላይ ሌሊቱም እንደ ቀን በሙቀት ታፍኗል።
አልጋ ሦስት ላይ ፈንታነሽ ተኝታ፣
ተኝታ አይባልም፤ ትራስ ተደግፋ፣ አየር ተሻምታ።
ከወለደች ወሯ፤ ልቧ ሰፍቶ ደክሞ፣
ልጇ አክስቱ ጋ ነው፣ ከበሩ ወዲያ፤ ያለቅሳል ደጋግሞ።
እጇ የምንጭ ዳር ድንጋይ፣ ጉልበቷ የጅግራ ላባ፤
ሰው በላብ በሚጠመቅበት ብርድ በየት በኩል ገባ?
የደም ግፊት፦ ሰባ በአርባ።

ዶክተር ይሁኔ መጣ፣ አልትራሳውንዱን እየገፋ፤
ልቧ ስክሪኑ ላይ ታየን፣ ከልኩ በላይ የሰፋ።
ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጨምቅም፤ ጋቢ አጥባ ልትጠመዝዝ
ጀምራ ክንዷ እንደዛለ ሴት፣ መሀል ላይ ቆሞ ሲፈዝዝ።

አንሙት ገባ፣ ባለቤቷ፤ የማሳ ጭቃ የነካው ሱሪ።
"ሲስተር፣ ግሉኮስ ስቀይላት፤ ደርቃ ነው፣ ከንፈሯን እዪው፤
አንድ ብቻ፣ ቶሎ ጀምሪ!"
እንዴት ብዬ ልንገረው? ሳንባዋን ሳዳምጥ ይፈላል፤
ከንፈሯ የለመነው ውሃ ደረቷን አጥለቅልቆታል።
በሙያው መጣሁበት፦
"ከብር ውሃ ስትስብ፣ ሞተርህ ሲያስል ጧት ማታው፣
ወንዙ ላይ ውሃ ትደፋለህ?"
ዝም አለ። ግድግዳውን አየ።
"ኧረ የለም፤ ሞተሩን ነው የምፈታው።"
"ይሄም ሞተር ነው፤ ግን አይፈታም።
እየዞረ ነው የምንጠግነው።"

ኖርአድሬናሊን በአንድ መስመር፣ ዶቡታሚን በሌላው፣
ላሲክስ በመርፌ፣ ኦክስጅን በአፍንጫ፤ ያለን ይኸው ነው ጠቅላላው።
አንዱ የደም ሥር ያጠብቃል፣ ሌላው ልብን ይገርፋል፤
ከበዛ ግን አለንጋው ፈረሱን ራሱን ያጠፋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዝም አለ፣ በረደ።
የመድኃኒት መግፊያው ማሽን ባትሪው ከጥር ጀምሮ ሙት ነው፤
ለንብረት ክፍል ጽፈናል፤ መልሱን ገና እየጠበቅን ነው።
በከረጢት በጥብጠን ወደ ጠብታ መለስነው፦
ዶክተሩ ሰዓቱን ያዘ፣ አንሙት የስልኩን መብራት፣
እኔ ጠብታዋን። አንድ። ሁለት።
ስትበዛ ልቧ ይጋልባል፣ ስታንስ ግፊቷ ይሰምጣል፤
በመካከል ያለው መንገድ ከፈትል ይቀጥናል።
የአንሙት እጅ አልተንቀጠቀጠም፤
ሌሊት ማሳ የሚያጠጣ ሰው መብራት መያዝ አያቅተውም።

አባቴ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲያስተምር፣
ተማሪው ከፈዘዘበት "ልብ አድርግ!" ይል ነበር።
ሰሙን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ወርቁን ያገኘሁት ያን ለት፣
አርባ ሦስተኛዋን ጠብታ ስቆጥር፣ በሰው ስልክ መብራት፦
ልብ ማድረግ እንዲህ ነው ለካ፤
ልብን እንደ አዲስ ማድረግ፣
በጠብታ።

ንጋት ላይ ጎንበስ ብዬ የሽንት ከረጢቱን አየሁት፣
ከማታ ጀምሮ ደርቆ፣ ደጋግሜ የታዘብኩት፦
አምስት ሚሊ። ቆየሁ። አሥራ ሁለት። ቆየሁ።
ሰዓቱ ሳይሞላ ሠላሳ!
"ይሁኔ፣ ሸናች!" ብዬ ጮኽሁ፤ ዶክተር ማለቱንም ረሳሁ።
ቀለሙ ብርሌ ውስጥ ያለ ጠጅ፤ በሁዳዴ፣ ይቅር ይበለኝ፣
ለዚያ ከረጢት እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ለሲስተር እናኑ አስረከብኩ፦ ግፊቷ ዘጠና በሃምሳ፤
ጠብታው እንዳይፈጥን፤ ውሃ በልክ፤ ቤተሰብ ግሉኮስ እንዳያነሳ።
(የኋለኛውን ስናገር አንሙት ራሱ ነቀነቀ፣
ከእኔ ቀድሞ እንደ ተማረ ሰው።)
ጥጥ ነክሮ ከንፈሯን ሲያርስ ነበር፣
እንደ ችግኝ፣ በስስት፣ ሥሩን እንዳያጥበው ፈርቶ።
ልወጣ ስል እጇን ያዝኩት።
ሞቋል። እስከ አንጓዋ ድረስ ሞቋል።

የእግሯ ጣቶች ግን ገና ናቸው።