ቀይዋ ነጥብ

ስልኩ ላይ አንድ ደሴት አለ፣ ከነዛፉ ከነቤቱ፤
ጀሙና ግን በሐምሌ ወስዶታል፣ ከነመሠረቱ።
ሞርጂና የክትባት ሠራተኛዋ፣ ጀልባ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣
በሳሪዋ ጠርዝ መስታወቱን ጠርጋ፣ አድራሻውን ታያለች አፍጥጣ፦
"ሦስተኛው ቤት፣ ከሙዙ በስተግራ።" ይሄው ነው አድራሻው።
ውሃ ነው አሁን ባለርስቱ፣ ዓሣ ነው የሚመላለስበት ማሳው።

መዝገቡ ግን ጎርፍ አያውቅም።
"የሺዩሊ ልጅ። ሴት። ዘጠኝ ወር። የኩፍኝ ክትባት፦ አልተሰጠም።"
ከጎኑ ቀይ ነጥብ፣ የበርበሬ ፍሬ የምታክል፤
በየማለዳው ስልኩ ሲከፈት፣ ቀድማ ፊት ለፊት ቁጭ የምትል።

ደወለች። "የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው..."፣ ከዚያ ወዲያ ዝም።
መልእክት ላከች። መሄዱን እንጂ፣ መድረሱን የሚነግራት የለም።
ገበያ ወርዳ ጠየቀች፤ አንዱ "ወደ ሰሜን ሄዱ" አላት፣
ሌላው "ጀልባቸው እኮ..." ብሎ ጀመረና፣ ዓሣዋን መዘነላት።

በስድስት ሳምንቷ ስትወጋት፣ ልጅቷ አላለቀሰችም፤
ገላመጠቻት ብቻ፣ ነገሩን ለሌላ ቀን እንደሚያቆይ ሽማግሌ።
በአሥረኛው ሳምንት ጀልባዋ ገና ዳር ሳትደርስ
ኡኡታዋን ለቀቀችው። አውቃታለች።

ሹዛት፣ አለቃዋ፣ "አውጪያት" አላት፣ "ወሩ ሊዘጋ ነው፤
መቶኛችንን የጎተተችው ይህችው አንዷ ነጥብ ነች።"
ጣቷን አስጠጋች። ማሽኑ ጠየቃት፦ ይሰረዝ? አዎ። አይ።
ምን እንደሚሰረዝ ግን ማሽኑም አልጠየቀ፣ ሹዛትም።
ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ ተኛች።

በኅዳር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሩዝና ምስር እየበላች፣
ነጥቧ አረንጓዴ ሆነች።

የደወለ የለም። ስልኩም ጭጭ።
ከቦግራ ወዲያ፣ እግሯ ረግጦት በማያውቅ ጤና ጣቢያ፣
ስሙን የማታውቀው ሰው ካርዱን ከእናትየው ተቀብሎ፣
አሥራ ሰባቱን ቁጥር አንድ በአንድ አስገብቶ
(ካርዱ እንዴት ዳነ? በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው?
ወይስ ሺዩሊ በጥርሷ ነክሳው ዋኘች?)
"ተሰጥቷል" የሚለውን ነክቶታል።

ተሰጥቷል።
ሩዙ ጣቷ ላይ እንደተጣበቀ ደግማ አነበበችው።
ከተሰጠ፣ የሚወጋ ክንድ አለ፤
ክንዱን አጥብቆ የያዘ የእናት እጅ አለ፤
እሪታም ነበረ፣ መቼም ያቺ ልጅ ዝም አትልም።

ደሴቱ ዛሬም ስልኩ ላይ አለ፣ አድራሻውን ያረመ የለም፦
ሦስተኛው ቤት፣ ከሙዙ በስተግራ።
ሞርጂና ሳህኗን አጠበች። እጇን አደራርቃ
ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋችው።
ሌላ ቀይ ነበር።