አውራ ጣት

በነሐሴ ፋሃሂል፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ሰው ሁሉ ከጥላ ወደ ጥላ ሲሮጥ፣
የማዳምን ዓሣ ከበረዶ ሳወጣ
ጣቶቼ ነጡብኝ፣ ደማቸው ታጣ።
ቀጥለው ጠቆሩ፣ ቀጥለው በርበሬ፤
ሦስት ቀለም ቆጠርኩ በገዛ እጄ ዛሬ።

«ኤሲው ነው» አለችኝ። እሺ፣ ኤሲው ነው።
ጠዋት የማይታጠፍ ጣቴንስ ምን ልበለው?
ከሕፃኑ ሸሚዝ ቁልፍ ጋር ስታገል
እሱ ይስቅብኛል፣ ጨዋታ ይመስል።

ኢቃማ ላሳድስ ሄድኩ። ወረፋ። መስታወት።
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ደግሞ አውራ ጣት።
ቀይ መብራት።
«ጥረጊው።» ጠረግኩት። «ጫኚው።» ተጫንኩት።
በቀሚሴ ጫፍ፣ በምራቅ ሞከርኩት።
ቆዳዬ ተወጥሮ እንደ ከበሮ ፊት
መስመሩ ጠፍቶታል፣ የተወለድኩበት።
ጸሐፊው ቀና አለ፦ «ይቺ አንቺ አይደለሽም።»
ማን እንደሆነች ግን እሱም አልነገረኝም።

ሱዳናዊው ሐኪም ደሜን አስቀዳና
በሳምንቱ ጠራኝ፣ ወረቀት ዘርግቶ፣
«አንድ በሽታ አይደለም፤ ሁለት ነው፣ ምናልባት ሦስት፣
ጫፍና ጫፋቸው የተደራረበበት።
ገላሽ ውስጥ ዘበኛ አለ» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«የቤቱን ባለቤት የሚይዝ ሌባ ብሎ።»

ሣቄ መጣ። ያንን ዘበኛ አውቀዋለሁ፤
አራት ዓመት ሙሉ በዚሁ በር እገባለሁ፣
ዛሬም «ማነሽ?» ይለኛል።

«በስድስተኛው ክር ላይ አንድ ፊደል አለች፤
ከእናት ወይ ከአባት አብራሽ የመጣች።
ምልክት ናት እንጂ ፍርድ አይደለችም፤
ስንቱ ይዟት ይኖራል፣ አንድ ቀን ሳይታመም።»

ዘር ከልጓም ይስባል። አልገረመኝም።

አክስቴ ይመኙሻል ፀሐይ የነካት ለት
በሁለት ጉንጯ ላይ ቢራቢሮ ሲያርፍባት
ምች ነው ተባለ፤
ዳማከሴ ጨምቀው፣ አሽተው አሸተቷት።
እናቴ በበኩሏ፣ ጎህ ሲቀድ ከመደብ
ግድግዳ ይዛ ስትነሣ፣ ጉልበቷን ስትሰድብ፣
ቁርጥማት ተባለ።
አንዲት ፊደል ኖራ፣ ሁለት ስም ያወጡላት።

«እህት አለሽ?» አለኝ። አለችኝ፣ ዘሐራ፤
ባቲ፣ ፓስፖርት አውጥታ፣ ከደላላ ተማክራ።
ሹሩባ ስትሠራ ጣቷ በዓይን አይያዝም።
ምን ልበላት? «ቅሪ»? የላክሁላትን ብር
በምን እጅ ልተካው? «ነይ»ም አይወጣኝም።

ማታ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ስልኬን አነሣሁ፤
አውራ ጣቴን ሰጠሁ።
ስልኩም አላወቀኝ።
በአራት ቁጥር ከፈትኩት፣ እሷ በተወለደችበት ዓመት።

«ዘሐራ» አልኩ፣ መቅጃው ላይ። ሌላ ቃል አልመጣ።
ስሟን ብቻ ላክሁት።

ወዲያው ፎቶ መጣ፦ የሰርግ ሂና፣ ሁለት እጅ፣
አሥሩም ጣት ተዘርግቶ። «አያምርም?» ትላለች።
በማይታዘዙ ጣቶች ገፍቼ፣ ገፍቼ አጎላሁት፤
አንጓ በአንጓ ሄድኩበት፣
ነጭ ፈለግኩ፣ እብጠት ፈለግኩ፤
ሂናው ሸፈነብኝ።