የበሩ ጠባቂ

ቤርሳቤህ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
አሥራ አንድ ዓመት ቆምኩ ቦርሳ ስበረብር፤
«ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ስልክህን ሳህኑ ላይ ጣል» እያልኩ፣
ከሳሹን ተከሳሹን እኩል እየፈተሽኩ።

አባቴ በአገር ቤት ሙግት አዋቂ ነበር፣
«በላ ልበልሃ» ሲል ችሎት የሚያሸብር።
እኔ በዚህ አገር ቋንቋ ሦስት ቃል ብቻ አለኝ፦
ክፈት፣ አሳይ፣ እለፍ። አራተኛ የለኝ።

ልጄ ስንዱ ገና በዘጠኝ ዓመቷ፣
የባንኩን ማስጠንቀቂያ አነበበች ለእናቷ።
«ቀነ ገደብ» ገባት ሳይገባት ማባዛት፣
ያን ቀን ነው መሰለኝ ሕጉ የጀመራት።

ፕሲኮሜትሪ የሚሉት ሁለት ጊዜ ጣላት፣
በሦስተኛው ራራ፣ ነጥቡ ተሟላላት።
ሦስት ዓመት ከግማሽ ቀን ቀን ሕግ ተማረች፣
ማታ በአረጋውያን ቤት አንሶላ እየቀየረች።
«ጨረስሽ ወይ?» እላለሁ። «የለም አባ፣ ገና፣
ልምምድ አለ፣ ከዚያም የማኅበሩ ፈተና።»
አርባ ቢሮ ጻፈች ልምምድ ፍለጋ፣
ሠላሳ ዘጠኙ በሩን በዝምታ ዘጋ።

አንድ ሰኞ መጣች አለቃዋን ተከትላ፣
ኮቱ የእህቷ ነው፣ እጅጌው ይበልጣታላ!
ባዳ አይደለችም፤ ግን በር ዘመድ የለውም፣
ልጄ ናት ብዬ ሳልፈትሽ አላሳልፍም።
ሁለት መዝገብ፣ አንድ ብርቱካን፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ።

ክፈቺ፣ አሳዪ፣ አልኳት። ሦስተኛው ቃል ጠበቀ፤
ከጉሮሮዬ በር ቆሞ ወረፋ ጠበቀ።
ከኋላዋ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።
እሷ ግን ቦርሳዋን ከጠረጴዛው አንሥታ፣
«አባ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» አለችኝ በዝግታ።

«እለፊ» ሳልላት አለፈች።