ባንኮኒው ላይ

ማታ፣ ደብረ ብርሃን፣ ውርጭ ደጁን ሲነክስ፣
ከባንኮኒው ጥግ ላይ መምህር ወልደየስ፦
“ባንክ ማለት፣” አለ፣ “ጥንቱን አግዳሚ ነው፤
ገንዘብ መንዛሪው ሰው ገበያ ያወጣው።
ያንቺም ይህ ባንኮኒ ከዚያው ግንድ በቀለ።”
እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ቤቱን አናወጠ፣ ብርጭቆው ዘለለ፦
“እንዲያ በል! የስንቱን የእድር ብር፣ የበግ ዋጋ
ከዚህ ሥር ቆልፌ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ፣
ያለ ደረሰኝ፤
ባንክ ነኝ ብል ያኔ፣ አንድ ሰው አመነኝ?”

“ደግሞስ፣” አለ ቀጥሎ፣ ጨዋታው ጣፍጦት፣
“የወንዝም ዳር ባንክ ነው፣ እንደ መደብ አይተውት።”

ጨርቋን ይዛ ቆመች።

“በረሳም?”
“በረሳም።”
“እሱስ... ያን ነሐሴ ካስቀመጥኩት ውስጥ
አንድ እግር የልጅ ጫማ ብቻ ነው የመለሰው።”

የታጠበውን ብርጭቆ
ደግማ አጠበችው።