ግራኙ ቋጠሮ

ጉም ባሕሩን ውጦ ዳገቱን ሲጀምር፣
ማራገቢያ ይዛ መጣች ኤድልሚራ፣
እንደ ታመመች ዶሮ፣ ከብብቷ ሥር።
«ልጄ ጣዪው ይላል፤ በርካሽ ሞልቷል አዲስ።
አንተስ ምን ትላለህ?»
ሮሄልዮ መቼ ሰው ይመልሳል ቶሎ፤
ብሎኖቹን ፈታ፣
መነጽሩን አውልቆ፣ በሸሚዙ ወልውሎ፣
መልሶ አጠለቀ፤ ዝም አለ አጎንብሶ።

ከሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ከቅባት ጭቃው ሥር፣
በጨርቅ የታሠረ የመዳብ ቋጠሮ፣
ወደ ግራ ተጠምዝዞ፣ ወደ ግራ ዞሮ።
እንዲህ የሚቋጥር
በቫልፓራይሶ ወደብ ባውዲልዮ ነበር፤
ግራኙ ጌታው፣ ሙያ ያስያዘው፣
በአንዲት ፒንሳ ሰበብ ተኳርፈው የቀሩ፤
አልቆመም ቀብሩ ላይ፤ ቅርብ ነበር መንደሩ።

«ሞቷል እንዴ?» አለች።
«የለም። ከዚህ በፊትም አንዴ ድኗል።»

ገመዱን ቀየረ፣ ዘንጉን ዘይት አጠጣ፣
ዝገቱን ፈገፈገ፤
ያቺን ቋጠሮ ግን እንዳለች ተዋት።
ማራገቢያው ዞረ፤ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ግን ዞረ።
«ስንት ነው?»
«ግማሹን ክፈዪ፤ ግማሹ ቀድሞ ተሠርቷል።»
ሒሳብ የሳተ መሰላት፤
ሁለት ሎሚ ደርባ ወጣች።

ሲመሽ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቁራጭ ሽቦ አነሣ፤
ወደ ግራ ሞከረ።
እጁ እምቢ አለው።
እንደገና ሞከረ።