ከገጽ ዘጠና ሰባት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ገና፣
ከፒያሳ ወረድኩ፣ ድንጋይ ባነጠፉት ጎዳና፤
ኪሴ አራት መቶ ብር፣ ዐይኔ ላይ መነጽር፣
(ሚስቴ የምታውቀው መቶውን ነው፤ ይቅር።)

መንበሩ ሸራውን ከግንቡ ጥላ ሥር
በድንጋይ አስይዞ፣ ንፋስ እንዳይደፍር፣
ቁጢጥ ብሎ ከጆንያው አንድ ባንድ ያወጣል፣
አንዱን እፍ ይለዋል፣ አንዱን በክንዱ ያብሳል።
የዘጠነኛ ፊዚክስ፣ የትራክተር መምሪያ፣
ሽፋን የተገፈፈ የዶሮ ማርቢያ፣
የዕድር መዝገብ ሳይቀር፣ ያውም ከነዕዳው፣
ድንኳን ወስዶ ያስቀረን በስም የሚጠራው።

ከክምሩ ግርጌ፣ በስተግራ፣ ከታች፣
ጀርባዋ ሻይ መስሎ አንዲት ቀጭን አለች።
አንድ የቴሌግራም ጸሐፊ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ፣
ሦስት መቶ ቅጂ ያሳተማት፣ ሚስቱን አስርቦ።
በሃያ ዓመቴ ነው አንዴ ያየኋት፣
በመምህሬ መደርደሪያ፤ ፈርቼ ያልነካኋት።

ዘዴ አለኝ፣ የቆየ። ዶሮውን አነሳሁ፣
ትራክተሩን ገለጥሁ፣ ፊዚክሱን አደነቅሁ፣
እያዛጋሁ ጥቂት፣ አንገቴን እያከክሁ፣
“ይቺስ?” አልኩ በመጨረሻ፣ ወደ ሰማይ አየሁ።

መንበሩ ፈገግ አለ። “ጋሼ፣ ሦስቱን ይውሰዱ፣
ምርቃት ናቸው፤ ለኔም ቦታ ይልቀቁ፣ ይሂዱ።
ያቺ ግን ሦስት መቶ ሰማንያ አላት፤
እኔ አይደለሁም፣ ጣትዎ ነው የገመታት።
ሲንቀጠቀጥ አየሁት።”
                              ከፈልኩ፤ ምን ላድርግ።

ከግንቡ በር ደረጃ፣ ሰው ከማይበዛበት፣
ተቀመጥሁ፤ ገለጥሁ፤ ሽታዋን ሳብሁት፤
የአይጥና የሻጋታ፣ የፋኖስ ጋዝ ያለበት።
ጸሐፊው ሌሊት ብቻውን ሽቦው ሲጮህ ሰማ፣
የሚወዳት ናት፣ ከሩቅ፣ ከማያውቀው ከተማ፤
እየተንተባተበ ወረቀት አቀረበ፣
ዘጠና ስድስት ላይ፣ እርሳሱን አሰበ፣
የመጀመሪያውን ቃል—

ገለጥሁ።
አንድ መቶ አሥራ ሦስት።

“መንበሩ!”
               “እሷን ነው? ክረምት ያበሰበሰው
ስምንት ቅጠል ነበር፣ ከስፌቱ የለቀቀው፤
ለዝማም ሰጠኋት፣ ለቆሎ መጠቅለያ፤
ከትናንት ወዲያ ይሆናል። ይሂዱ መናኸሪያ።”

በስልሳ አራት ዓመቴ፣ ጉልበቴ እየጮኸ ሮጥሁ።
ዝማም ከጉሊቷ ቀና አለች፤ አለከለክሁ።
“አንዱ ደባርቅ ሄዷል፣ አንዱ ወደ መተማ፣
አንዱን ሹፌሩ ቀደደው፣ ሊጠርግበት ጫማ፤
ሌላው...” ብላ ጣቷን ወደ በሩ ዘረጋች።
የሚኒባሱ ረዳት እጅ ላይ ተጠምዝዛ አለች፣
ዘይት የጠጣች ቀንድ፤ ቁጥሯ መቶ ሦስት።

“ልጄ፣ እሷን ልግዛህ?”
“ቆሎውን?”
“ወረቀቱን።”
ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ቆሎውን ኪሱ ገለበጠ፣
“ይውሰዱ፤ ይማርዎ” አለኝ፣ ሳቁን በጉንጩ ዋጠ።

የሱፉ ዘይት ወረቀቱን አድርጎታል መስታወት፣
ሁለቱን ገጽ ባንዴ አየሁ፣ ፀሐይ ላይ ብይዛት።
በፊቷ “እመጣለሁ” ብሎ አንድ መስመር ይዘጋል፤
በጀርባዋ፣ በግልባጭ፣ “አልመጣም” ይነበባል፤
ፊደል ፊደል ላይ ወድቆ፣ ቃል በቃል ላይ ተኝቷል፣
ማን ለማን እንዳለው ዘይቱ ብቻ ያውቃል።

ለዝማም የምርቃቱን ሦስቱንም ሰጠኋት፣
“በነዚህ ጠቅልይ፣ የኔን አደራ” አልኋት።
ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሦስት ጥርስ ይዤ፣
ቤቴ እገባለሁ፣ ቆሎ በጋዜጣ አንጠልጥዬ።
ሚስቴ “ምን ነካው?” ትላለች፤ አልመለስኩላትም።

ዝማም ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን አያመልጣትም።
ባለፈው ከሩቅ ጠራችኝ፣ ፊቷ በርቶ በደስታ፣
“ጋሼ! ዘጠና ሰባት ነች!” በሁለት እጇ ዘርግታ።

ተቀበልኋት።
ፊዚክስ ነው። ራሴ የሰጠኋት፤
ስለሚወድቅ ነገር ፍጥነት፣ ከነሥዕሉ።
“እሷው ናት” አልኋት።
የአሥር ብር ቆሎ አስጨመርሁ።
ትኩስ ነበር።