ሦስተኛው ወለል

አርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ የካ አባዶ፣ ብሎክ ሰማንያ ሁለት፣
አራተኛ ወለል፣ ሦስት ላፕቶፕ አንድ ማከፋፈያ ላይ በተሰካበት፣
ቃላችን መጣ፦ «መውጣት»።
አርባ ስምንት ሰዓት ተሰጠን፣ ከአንድ ቃል ጨዋታ ለማውጣት።

ሚልኪያስ «ተራራ» አለ። ፌነት «የለም፣ ከቤት፣
ሻንጣ ይዞ፣ እናት ሳትነቃ፣ በሌሊት።»
እኔ ቃሉን እንደ ሸንኮራ አላምጣለሁ፦
ፀሐይ ትወጣለች፣ ዕጣ ይወጣል፣ ብር ከኪስ ይወጣል እላለሁ፣
ነፍስም…
ከታች ጩኸት ቀደመኝ። «ውሃ መጣ!»
በስድስተኛው ቀን። ብሎኩ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።

ወረድን። ተሰለፍን። ሞላን። ተመለስን ሽቅብ፣
መብራት በሌለው ደረጃ፣ ጀሪካን ከጀሪካን ሲላተም፣ ሲያንጠባጥብ፣
ፌነት መሃል ላይ ቆመች፤ ጫማዋ ውስጥ ውሃ ገብቶ፣
«ይሄው!» አለች፣ «ይሄው እኮ!» ድምጿ ደረጃውን ሞልቶ።

እንዲህ ተወለደ፤ ቁመቱ አሥራ ስድስት ነጥብ፣
ራሱ አራት፣ እግሩ ሁለት፣ የቀረው ቢጫ ጀሪካን።
ስም እንኳ አላወጣንለትም።
አንድ እርምጃ፣ አንድ ጠብታ፤ ሲሮጥ ሦስት ይፈሳል፣
ሲዘገይ ደግሞ ከታች ቧንቧው ይደርቃል።

ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ። ከጫካው በኩል ጅብ ጮኸ፤
ሚልኪያስ ድምፁን በስልኩ ቀዳው፣ «ይጠቅመናል» ብሎ።
ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ።
ኑረዲን ጸጉር ቤት ጄኔሬተር አለ።
በሁለት ደንበኛ መሃል ሶኬቱን ሰጠን፣ «አሥር ደቂቃ» እያለ፤
አሥሩ ሁለት ሰዓት ሆነ። መስታወቱ ውስጥ ራሳችንን አየሁ፦
ሦስት ጥንድ ያበጠ ዐይን፣ እግራችን ሥር የሰው ጸጉር።

እዚያ ነው ልጁ እምቢ ያለው። አራተኛው ላይ አልቆመም፤
ጣሪያውን አለፈ፣ ሮቶውን አለፈ፣ ኮከብ ወዳልሳልንበት ጨለማ
እየወጣ፣ እየወጣ፣ እያንጠባጠበ ሄደ።
ስህተቱ አንድ መስመር ነበር። ስናስተካክለው ቅር አለኝ።
ለማንም አልነገርኩም።

እሁድ ረፋድ ምንተስኖት መጣ፤
በወለል አሥር ብር ለብሎኩ ውሃ የሚያወጣ።
እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቁልፎቹን ነካ፣ አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ፣
«ውሸት ነው» አለ።
«ምኑ?»
«አያርፍም። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ሰው ያርፋል።
የእትዬ ብርነሽ በር አጠገብ፣ መሬቱ ላይ
የጀሪካን ቂጥ ምልክት አለ እኮ። አላያችሁትም?»

ወርደን አየነው። ሊሾው ተበልቶ፣ አራት ማዕዘን፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣
ሁለት ዓመት ስንረግጠው የኖርነው፣ ከእግራችን ሥር የነበረ።

ከሰዓት በኋላ የሠራነው ይኼን ብቻ ነው፦
ሦስተኛው ላይ ተጫዋቹ እጁን ካነሳ፣
ምንም ካልነካ፣ ምንም፣
ልጁ ጀሪካኑን ያስቀምጣል። ፌነት ትከሻውን በአንዲት ነጥብ
ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ አደረገችው።
መተንፈስ መሰለ።

ሊዘጋ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሚልኪያስ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ
ወደ ኔትወርክ ማማው ተንጠራራ፤ ወገቡን እኔ ይዤ፣ ፌነት እየቆጠረች፣
ሰማንያ… ዘጠና ሁለት… ዘጠና ሁለት… ዘጠና ሁለት…
ወጣ።

ጮኽን። ተቃቀፍን። ምንተስኖት በሩ ላይ ነበር፣ ባዶ ጀሪካን በሁለት እጁ።
«ሲጨርስ» አለ፣ «ስንት ይሰጡታል?»

ጠብታ ቆጥረናል። ደቂቃ ቆጥረናል። ሦስት ኮከብ አስቀምጠናል።
ብር የሚባል ነገር ጨዋታው ውስጥ አልነበረም።
ሚልኪያስ እኔን አየ፤ እኔ ፌነትን።
እሱ መልስ አልጠበቀም፤ ከታች ሌላ ሰው እየጠራው ነበር።
ባዶዎቹ ከደረጃው ብረት ጋር እየተጋጩ ሲወርዱ ሰማን፣
ሦስተኛው ላይ ሳያርፉ።